ሰባት ሲገለበጥ

የማሰልጠኛው በር ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። ከሰቆጣ ገበያ ከፍ ብሎ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። በአንደኛው ክፍል ፎቶ ኮፒ ይነሣል፣ ማመልከቻ ይጻፋል፤ ሁለተኛው የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ነው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ በላስቲክ ስለተሸፈነ አየር አይገባም። ላብ፣ የሰነበተ ካልሲ፣ የአይጥ ኩስ፣ በዚያ ላይ የቤቱ ባለቤት በልቶ የሚረሳው የምሳ ሳህን፣ ሁሉም ተደባልቆ ፊት ላይ ይመጣል። የቁልፍ ሰሌዳዎቹ ላይ የሰው ጣት ቅባትና አቧራ ተጋግሮ ፊደሎቹን ሸፍኗቸዋል። እየመጣሁ በአልኮል እወለውላቸዋለሁ፤ ጨርቁ ይጠቁራል፤ በማግስቱ እንደነበሩ ናቸው። በመጨረሻ ተውኩት። በኋላ የሆነውን ሳስብ፣ ያን ጨርቅ የተውኩበት ቀን ብዙ ነገር እንደተውኩ ይሰማኛል።

ባለቤቱ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሰው እያናገረ በእስክሪብቶ ክዳን ጆሮውን የሚኮረኩር ሰው ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ ግን እንዲያ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም።

ወደዚያ ቤት የገባሁት ግን አመስግኜ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከሚስቴ ጋር ከሰቆጣ ወጥተን ከርመን ስንመለስ የቤታችን በር እንኳ አልነበረም። የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ገና አልተከፈተም። ይህ ሰው ያን ያህል ሳያውቀኝ መንገድ ላይ አስቆመኝና «ሒሳብ አስተማሪ አይደለህ? ና፣ ልጆቹን ኮምፒውተር አስተምርልኝ» አለኝ። ቤታችን እስኪጠገን ድረስም ከማሰልጠኛው ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠን። ሚስቴ እጁን ልትስም ምንም አልቀራትም። ቤታችን ተጠግኖ ከገባን፣ ትምህርት ቤቱም ተከፍቶ ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ በኋላም ከሰዓት ከሰዓት ማሰልጠኛው ውስጥ ማስተማሬን አላቆምኩም። ውለታው አንገቴ ላይ ነበር፤ እሱም ይህን በደንብ ያውቃል።

በዚያ ዙር አሥራ ዘጠኝ ሠልጣኞች ነበሩ። አብዛኞቹ የከተማው ልጆች ናቸው፤ ሁለቱ ከኒሯቅ በኩል የመጡ፣ አንዷ ከደሃና። የደሃናዋ አባቷ ቄስ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ይሆናታል፤ ቀጭን ናት፣ ነጠላዋን አጥብቃ ታስራለች፤ አማርኛዋ ረጋ ያለና እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች የምታወጣው ዓይነት ነው። ስትቆጥር ግን በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነው የምትቆጥረው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ሌሎቹ ይስቁባት ነበር፤ እሷ ዞር ብላ አታያቸውም።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ 1221 ብዬ ጻፍኩ።

«ከግራ አንብቡት» አልኳቸው። አነበቡ። «አሁን ቁጥሮቹን ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡ።» ያው ሆነ። «እንዲህ ያለ ተገልብጦ ራሱን የሚሆን ቁጥር ፓሊንድሮም ይባላል። የዛሬው ሥራችን ኮምፒውተሩ አንድ ቁጥር ሲሰጠው ይህን ለይቶ አዎ ወይም አይደለም እንዲል የሚያደርግ ኮድ መጻፍ ነው።»

የባለቤቱ የእህት ልጅ ከሠልጣኞቹ አንዱ ነው፤ ጎልማሳ ነው፣ ጺሙን አበጥሮ የሚመጣ። «ለምን ይጠቅማል?» አለኝ እያዛጋ። በእውነት ለብቻው ብዙም አይጠቅምም። ቁጥርን አሃዝ በአሃዝ መፍታት ያስተምራል፣ ያ ነው ጥቅሙ። ይህንኑ ነገርኩት። መልሶ አዛጋ።

የደሃናዋ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ኮምፒውተሩ እኮ ግራና ቀኝ አያውቅም። ቁጥሩን እንዳለ ነው የሚይዘው። ታዲያ በየት በኩል ይጀምራል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ሠልጣኝ ከዚያ በፊት አልነበረም። ለአሥር ማካፈልን አስረዳኋት። 1221 ለአሥር ሲካፈል 122 ይደርስና 1 ይቀራል፤ ቀሪው የመጨረሻው አሃዝ ነው። 122ን ደግሞ ለአሥር፤ 12 ይደርስና 2 ይቀራል። ቁጥሩ እስኪያልቅ እንዲህ እያሉ መቀጠል ነው።

«ከኋላው አንድ አንድ እየቆረጡ ሌላ ቦታ መደርደር ማለት ነዋ» አለች።

«ልክ ነሽ።»

«ቆርጠን ስንጨርስ ግን የመጀመሪያው ቁጥር አለቀ። ዜሮ ሆነ። የደረደርነውን ከምን ጋር ልናስተያየው ነው?»

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሳልነካው በፊት ቅጂውን አስቀምጣለሁ።»

ጉዳዩ በሙሉ ይኸው ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህች ላይ ነው፤ እሷ ኮዱን መጻፍ ሳትጀምር አገኘችው።

በዚያው ሳምንት አባቷ ገብስ በአህያ ጭነው መጡ። አህያዋን ደጅ አስረው በሩ ላይ ቆሙ። «ይፍቱኝ አባቴ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ልጃቸው የምትማረውን በኽምጣንጋ አስረዳቻቸው፤ ሰሌዳው ላይ 121 ብላ ጽፋ እያሳየች። ቄሱ ቁጥሩን አዩትና ጠመኔ ጠየቁኝ። ከሥሩ ፻፳፩ ብለው ጻፉ።

«በእኛ አጻጻፍ ይህ መቶ፣ ሃያ፣ አንድ ነው» አሉ። «ቢገለበጥ አንድ፣ ሃያ፣ መቶ ይሆናል። እሱ ቁጥርም አይሆን።» ከዚያ ጥቂት አሰቡና ፳፻፳ ብለው ጨመሩ። «ይኸኛው ግን ከየትም ቢነበብ ያው ነው።»

ሁለት ሺህ ሃያ ማለት ነው። እኔ ጎኑ ላይ 2020 ብዬ ጻፍኩና ከቀኝ ሲነበብ 0202 እንደሚሆን አሳየኋቸው። በእኔ አጻጻፍ አይሆንም፣ በእሳቸው ይሆናል። ቄሱ ሳቁ፣ ልጅቱም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ካሳለፍኩት ጊዜ ሁሉ ሳልጸየፍ የማስታውሰው ያን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል በከተማው ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መረጃ መዝጋቢዎች ፈለገ። በፈተና አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን ላኩልን ብሎ ለማሰልጠኛው ደብዳቤ ጻፈ። ሰቆጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይገኝም። የእነዚህ ልጆች ጓደኞች ግማሾቹ ዓረብ አገር ናቸው፣ ግማሾቹ ወልድያና አዲስ አበባ። ደብዳቤው የመጣ ዕለት ሁሉም ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ፈተናውን እኔ አወጣለሁ» አለኝ ባለቤቱ። «አንተ ታርማለህ፣ ትፈርማለህ። በመምህር ሲፈረም ክብደት አለው።»

ኮድ መጻፍ አይችልም። ጥያቄውንና መልሱን ከኢንተርኔት እንዳወረደው በኋላ ነው ያወቅሁት።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ክፍሉ ተለወጠ። ኮምፒውተር የሚነካ ጠፋ። በየወንበሩ ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያነበንባሉ። ስጠጋቸው ዝም ይላሉ፤ ስልካቸውን ጉያቸው ውስጥ ይከታሉ። አንዱ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ረስቶ ሲወጣ አየሁት። የታተመ ወረቀት ፎቶ ነው። ከላይ ጥያቄው፣ «አንድ ቁጥር ፓሊንድሮም መሆኑን የሚለይ ኮድ ጻፍ» ይላል። ከታች መልሱ። ጥግ ላይ የማሰልጠኛው ማኅተም እንኳ አልቀረም። ባለቤቱ ለእህቱ ልጅ ሰጥቶት፣ የእህቱ ልጅ ደግሞ ለሁሉም በስልክ ልኮላቸዋል።

ልጁ ሲመለስ ስልኩን ሰጠሁትና «ለሁሉም ደርሷል?» አልኩት።

አልደነገጠም። «ለሁሉም ደርሷል፣ መምህር። ለደሃናዋም ልከንላት ነበር። አልፈልግም አለች። ደግሞ ስህተት ነው ትላለች» ብሎ ሳቀ።

የኮረጀ ተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ ሲያዝ ያፍራል፣ ይለምናል፣ ይዋሻል። እነዚህ አላፈሩም።

ወደ ባለቤቱ ሄድኩ። ፎቶ ኮፒው ጋ ቆሞ ብርቱካን ይልጣል፤ ልጣጩን ማሽኑ ላይ ያስቀምጣል። «ፈተናው ወጥቷል። መለወጥ አለበት» አልኩት።

«ልጆቹ እያጠኑ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ያጥኑ ተዋቸው። ማጥናት መቼ ነው ክፉ የሆነው?»

ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ።

የፈተናው ቀን መብራት በሰዓቱ መጣ። አሥራ ስምንቱ በሩብ ሰዓት ጨርሰው ወጡ። ሲጽፉ አንዳቸውም ቆም ብለው አላሰቡም፤ የጣቶቻቸው ድምፅ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ደጅ ቆመው ማስቲካ እያኘኩ ይሳሳቃሉ። የደሃናዋ ብቻዋን ቀረች። ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥር አስገብታ ትሞክራለች። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ተነሣች። «ጨርሻለሁ፣ መምህር» አለችና ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ ወጣች።

ከመጀመሪያው ኮምፒውተር ጀመርኩ። 1221 አስገባሁ። «አይደልም» አለኝ። ኮዱን የጻፈው ሰው «ለ»ን በ«ል» ለውጦ «አይደለም» ለማለት «አይደልም» ብሎ ነበር። 33 አስገባሁ። «አይደልም»። በመጨረሻ 7 አስገባሁ። አንድ አሃዝ ብቻ ነው፤ ከየትም ቢነበብ ሰባት ነው። «አይደልም»።

ኮዱን አየሁት። አሃዞቹን ከኋላ እየቆረጠ ይደረድራል፣ ልክ ነው። ቅጂ ግን አላስቀመጠም። ቁጥሩ ተቆርጦ ተቆርጦ ዜሮ ከሆነ በኋላ የተደረደረውን ከዜሮው ጋር ያስተያየዋል። ስለዚህ ሰባትም ይሁን ሰባ ሰባት መልሱ «አይደልም» ነው።

ሁለተኛው ኮምፒውተር፣ ያው። «ል» ፊደሏ እንኳ በዚያው ቦታ ተቀምጣለች። ሦስተኛው ያው፣ አራተኛው ያው። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ ጣቴ ቁልፎቹ ላይ እየተጣበቀ ነበር፤ ማስቲካ የነካ እጅ ጽፎባቸዋል። አሥራ ስምንት ሰዎች አንድን ስህተት ተሸክመው ገብተው አራግፈውት ወጥተዋል፤ አንዳቸውም አንድ ቁጥር አስገብተው አልሞከሩትም። ሌላው ቢቀር ሰባትን።

የደሃናዋ ጋ ደረስኩ። 1221፣ አዎ። 7፣ አዎ። 1234፣ አይደለም። 1000፣ አይደለም። ኮዷ ከሁሉም ይረዝማል፤ መጀመሪያው ላይ የቁጥሩን ቅጂ አስቀምጣለች።

ባለቤቱን ጠርቼ አሳየሁት። ጎኔ ቆሞ እየተነፈሰ አየ።

«የእሷ ከመልሱ ጋር አይመሳሰልም» አለ።

«መልሱ ነው የተሳሳተው።»

«ታትሞ የወጣ መልስ እንዴት ይሳሳታል?»

«ይኸው ሰባትን አይደለም ይላል። ሰባት ሲገለበጥ ሰባት አይደለም ወይ?»

«ሰባት ደግሞ ምኑ ይገለበጣል?» አለና ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ሳስቆምህ መልስህ ልክ ነው አይደለም ብዬ አልጠየቅሁህም። ና ግባ ነው ያልኩህ። አሁን ሰዎቹ ዝርዝሩን ይጠብቃሉ። የእህቴ ልጅ አንደኛ ነው፣ ያ የእቁብተኛዬ ልጅ ሁለተኛ። ከመልሱ ጋር ያልተመሳሰለ ወድቋል። ፈርም።»

እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ። ክዳኑ ላይ የጆሮው ኩክ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ተቀበልኩት። ፈረምኩ። ሰው ይህን ሲያነብ ለምን አልጣልኩትም ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። እኔም ጠይቄ ጠይቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም፦ ውለታ ነበረብኝ፣ ፈራሁ፣ ደግሞም ቶሎ ወጥቼ እጄን መታጠብ ፈልጌ ነበር።

ዝርዝሩ በማግስቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ልጅቱ የመጨረሻዋ ሆና «አላለፈችም» ተብሎባታል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«መምህር፣ የተሳሳትኩበትን መስመር ያሳዩኝ» አለችኝ። አላለቀሰችም።

«ከመልሱ ጋር አልተመሳሰለም» አልኳት። ባለቤቱ ያለውን ቃል እንዳለ ከአፌ ሰማሁት።

«መልሱን በስንት ቁጥር ሞክረውታል?»

ዓይኔን ወደ ትምህርት ቤቱ በር አዞርኩ።

«እኔ የራሴን በብዙ ቁጥር ሞክሬዋለሁ። የቀረኝ ካለ ይንገሩኝና ልማርበት።»

ነጠላዋን አጠባበቀች። «ደህና። አባቴ ሲጠይቁኝ ግን ምን እንደምላቸው ይንገሩኝ። ስህተቴን ሳላውቅ ወደቅሁ ብላቸው አያምኑኝም።»

መልስ ስታጣ መንገዷን ቀጠለች። ቤት ስገባ ሚስቴ ምሳ አቅርባ ነበር። ነገርኳት። እስከመጨረሻው ሰማችኝና «እጁን ልስም የነበርኩት ሰውዬ ነው ይህን ያደረገው?» አለች።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ ሰማሁ» ብላ ሳህኑን አነሣች። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ አላነጋገረችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ክፍል ሳልገባ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊዋ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ባለቤቱ አንደኛ ያወጣውን ኮድ በላፕቶፔ ይዤ ነበር። ምን እንደሚሠራ አስረዳኋትና «የፈለጉትን ቁጥር ያስገቡ» አልኳት።

9 አስገባች። «አይደልም» አላት። 55 አስገባች። «አይደልም»። ሁለት ሦስት ጊዜ ደገመችና ወደ እኔ ዞረች።

«ይህ ነው አንደኛ የወጣው?»

«አዎ። ፈተናው ቀድሞ ወጥቷል። በትክክል የሠራችው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷ ወድቃለች ተብሏል።»

ዝርዝሩ የተላከበትን ደብዳቤ ከመሳቢያ አወጣች። «ይህ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ አሁን የሚነግሩኝን በምን ልመን?»

ደብዳቤውን በሁለት ጣቷ ይዛ እንደ ቆሻሻ ነገር ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፋችው። «ሦስቱንም ራሴ እፈትናቸዋለሁ» አለች። «ሰኞ ጠዋት። እርስዎ አይምጡ።»

ሁለቱ ከተማ ውስጥ ናቸው። የደሃናዋ ግን በዚያው ዕለት ወደ አገሯ ሄዳለች፤ ስልኳ አይሠራም። እኔው ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ቅዳሜ በሚኒባስ መንገዱ እስከሚፈቅደው ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግር። አንድ ገበሬ አህያዎቹን እየነዳ አቅጣጫውን አሳየኝ። ቤታቸው ስደርስ ቄሱ ደጅ አጎዛ ላይ ተቀምጠው መጽሐፍ ያነባሉ፤ ልጅቱ ገብስ ታበጥራለች።

«ይፍቱኝ አባቴ» ብዬ ጎንበስ አልኩ። መስቀሉን ከኪሳቸው አወጡ፤ ነገር ግን ፊቴን አይተው እጃቸው ላይ ያዙት።

«በደህና መጣህ?»

ቆሜ ነገርኳቸው። ፈተናው እንደወጣ፣ መልሱ እንደተሳሳተ፣ ልጃቸው ልክ እንደነበረች፣ ሰኞም መሥሪያ ቤቱ ዳግመኛ እንደሚፈትናት። ልጅቱ ማበጠሯን አቁማ ትሰማለች።

«አንተ ይህን እያወቅህ ፈረምክ?» አሉኝ።

«ፈርሜያለሁ፣ አባቴ።»

መጽሐፋቸውን አጥፈው አስቀመጡ። ከዚያ መስቀሉን ዘረጉልኝና ተሳለምኩ። «ውሃ ስጪው» አሏት ልጃቸውን። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቱ ውሃውን በሁለት እጇ አቀረበችልኝ። «ኮዴ ስህተት የለበትም ነው የሚሉኝ?»

«የለበትም።»

«አውቄ ነበር» አለች። ደስታ የለበትም። አንድ ሰው የሰረቀባትን ዕቃ ሲመልስላት «አዎ፣ የኔ ነው» እንደምትል ነው ያለችው።

እዚያው አደርኩ፤ እሑድ እሷ ከእኔ ኋላ ኋላ፣ ትንሽ ራቅ ብላ እየተራመደች መንገዱ ድረስ ወረድን። ሚኒባስ ውስጥም ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የሰኞውን ፈተና አላየሁም። የሆነውን ኃላፊዋ ናት በኋላ መንገድ ላይ አግኝታኝ የነገረችኝ። የሰጠቻቸው ጥያቄ ስለ ፓሊንድሮም አይደለም፤ ለራሷ ሥራ የሚያስፈልጋት ነበር፦ በአንድ የቁጥር ዝርዝር ውስጥ የተደገሙትን ለዩ። ሁለተኛ የወጣው ልጅ ባዶ ማያ ገጽ ላይ ሲያፈጥ ቆይቶ ተነሥቶ ሄደ። የእህቱ ልጅ ግን ጻፈ። በፍጥነት፣ ሳያቋርጥ። ኃላፊዋ ከኋላው ቆማ ስታይ፣ የሚጽፈው ያንኑ የፓሊንድሮም ኮድ ነው፤ «አይደልም» የሚለውን ጭምር። ሌላ እንደተጠየቀ እንኳ ልብ አላለም። «ፊቱን አየሁት» አለችኝ፤ «ምንም የለበትም። ዝም ብሎ ከጉሮሮው እንደሚያወጣ ሰው ነው።» አፏን ጠመም አደረገች።

የደሃናዋ ተቀጠረች። ሁለተኛው ቦታ ለጊዜው ባዶ ቀረ።

ባለቤቱ እኔን ለማባረር ደብዳቤ አላስፈለገውም። በሚቀጥለው ቀን ስሄድ የማሰልጠኛው ቁልፍ ተለውጧል። በላስቲኩ መስኮት በኩል «ውለታ ቢስ» ሲለኝ ሰማሁት። ይህን ስድብ ለብዙ ቀን ይዤው ዞርኩ፤ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። ለችግሬ ቀን በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው፤ ያን ልክደው አልችልም። በሩን የከፈተ እጅና ያን እስክሪብቶ የዘረጋ እጅ አንድ መሆኑ ነው የሚያስጠላኝ።

አሥራ ስምንቱ ሠልጣኞችም የምስክር ወረቀታቸውን ወሰዱ። በቱታ ላይ ነጭ ጋቢ ደርበው ፎቶ ተነሡ። አንዳንዶቹ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በፈገግታ ሰላም ይሉኛል፤ ምንም እንዳልተደረገ። እጄን ከሰጠኋቸው በኋላ በሱሪዬ እጠርገዋለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን አደርገዋለሁ።

ከሁለት ወር በኋላ በገበያ ቀን በዚያ በኩል ሳልፍ በማሰልጠኛው ግድግዳ ላይ አዲስ ባነር ተሰቅሎ አየሁ። «ከእኛ ሠልጥና የተቀጠረች» ይላል፣ በትልልቅ ቀይ ፊደል። ከጎኑ የደሃናዋ ፊት፣ ከመመዝገቢያ ፎቶዋ ተወስዶ ሰፍቶ። «አላለፈችም» ብሎ በር ላይ የለጠፋት ሰው ነው የሰቀላት። እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰው በትከሻው እየገፋኝ ያልፋል።

ሳላስተውላት እሷም መጥታ ነበር። ከባለቤቱ ጋር በሩ ላይ ትነጋገራለች።

«ፎቶዬን ከዚህ ያንሡልኝ» አለችው።

«ልጄ፣ ክብር እኮ ነው። አገር ሁሉ እያየሽ ነው።»

«እኔን እዚህ ማንም አላሠለጠነኝም ማለቴ አይደለም። መምህሩ አስተምረውኛል። እርስዎ ግን ጥለውኛል። ያንሡልኝ።»

«ተከፍሎበት የታተመ ነው፣ አይነሣም» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ፎቶ ኮፒው ክፍል በር ላይ ያለውን ወንበር አንሥታ ግድግዳው ሥር አቆመችው። ከቦርሳዋ ምላጭ አወጣች። ወንበሩ አንድ እግሩ የላላ ነው፤ ስትወጣበት ተንቀጠቀጠ። ሮጥ ብዬ ደረስኩ።

«ወንበሩን ልያዝልሽ?» አልኳት።

ወደ ታች አየችኝ። «አያስፈልግም፣ መምህር» አለች። በአክብሮት ነው ያለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም፣ ወዳጅነትም አልነበረም።

እጄን ሰበሰብኩ። ፎቶዋን በአራቱም ጎን ከባነሩ ላይ በቀስታ ቆረጠችው፤ ፊደሎቹን አልነካችም። የቆረጠችውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከወንበሩ ወረደች፣ ወንበሩን ወደ ነበረበት መልሳ በገበያተኛው መካከል ሄደች። ባለቤቱ አልወጣም። ከውስጥ የፎቶ ኮፒው ማሽን ሲሠራ ይሰማኛል።

ባነሩ እንደዚያው ለብዙ ወራት ቆየ። «ከእኛ ሠልጥና የተቀጠረች» የሚለው ጽሑፍ አለ፤ ከጎኑ አራት ማዕዘን ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥ የቆርቆሮው ዝገት። ሥራ ስሄድ በዚያ በኩል ማለፍ አቆምኩ። በላይኛው መንገድ ይረዝማል፣ አቀበትም አለው፤ እሱን መርጫለሁ።